አራት ቀን የማይሞላ ዓመት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ደረጃ ለመውጣት እሺ አለዎት? ዓይንዎስ? እማዬስ ያ ሳሏ ለቀቃት ወይስ አሁንም ደህና ነኝ እያለች ታታልላችኋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ዛሬማ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል። እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና አደራ፣ እየዘለልሽ እንዳታነቢ።

አባባ፣ ፕላኔት አገኘሁ! ቀልዴን አይደለም።

ሥራዬን ያውቁታል፤ ቴሌስኮፑ ሲመዘግብ ያደረውን የከዋክብት ብርሃን ጠዋት ጠዋት መፈተሽ ነው። አንዲት ሩቅ ኮከብ በየአራት ቀኑ፣ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ ብርሃኗ ትንሽ ይቀንስና ይመለሳል። ቴክኒሺያናችን የካሜራውን ማቀዝቀዣ የሚሞላውም በየአራት ቀኑ፣ በዚያው ሰዓት ግድም ነው። ሰዓት የማያዛንፍ ሰው ስለሆነ ቢሮው ሁሉ ‹ደቂቃ› ይለዋል። እኔም አዋቂ መስዬ፣ ካሜራው ሲነካ ምስሉ ይደበዝዛልና ጥፋቱ የሱ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍኩበት። ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሰላምታም ነሳኝ። ኮከቧ ግን መደብዘዟን ቀጠለች።

ያኔ የእርስዎ ነገር ትዝ አለኝ። የጠገኑትን ሰዓት ለባለቤቱ ከመመለስዎ በፊት ሳምንት ሙሉ ከግድግዳው ሰዓት ጋር እያስተያዩ፣ ይቀድም ይዘገይ እንደሆነ በደብተር ይጽፉ ነበር። ደንበኛ ቢነጫነጭ እንኳ ፍንክች አይሉም። እኔም የደቂቃን መዝገብ አስወጣሁና የኮከቧን ሰዓት ከጎኑ ጻፍኩ። እሱ ንቅንቅ የለም። ኮከቧ ግን በየዙሩ አምስት አምስት ደቂቃ ትቀድማለች! በአሥራ ስምንተኛው ዙርማ ጭራሽ ማቀዝቀዣው ሳይነካ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማ ደበዘዘች። የሰውም የማሽንም ጥፋት አልነበረም፤ በኮከቧ ፊት እየዞረ የሚጋርዳት ነገር አለ ማለት ነው።

አለቃዬ አላመነችም። ይህን ያህል ብርሃን የሚጋርድ ግዙፍ ፕላኔት ኮከቡ ጉያ ውስጥ ምን ይሠራል አለች። በስንት ልመና ሌላ አገር ያለ ቴሌስኮፕ እንዲያይልን ጠየቀች፤ ካልታየ ግን ኮከቧ ከምንከታተላቸው ዝርዝር ልትሰረዝ፣ እኔም ወደ መዝገብ ቤት ልመለስ ነው። ሦስት ዓመት አቧራ የቃምኩበትን መዝገብ ቤት ያስታውሱታል። ቀጥላ የምትደበዝዝበትን ሰዓት አስልቼ ላክሁላቸው። እዚያም ሌሊቱ ከእኛ ጋር አንድ ነውና ማክሰኞ ማታ ሁላችንም ስክሪኑ ፊት ተኮለኮልን። አባባ፣ ልክ ባልኩት ሰዓት ብርሃኗ ወረደ! እንዴት እንደጮህኩ አልነግርዎትም። አለቃዬ ወንበሯን ገፍታ ተነሣችና ወደ እኔ እየጠቆመች፣ ያገኘችው እሷ ናት ብላ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረች። እኔም እዚያው ደቂቃን ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰዓቱን አየት አድርጎ፣ ሁለት ወር ከአራት ቀን ዘገየሽ አለኝና አቀፈኝ።

ይህ ፕላኔት እግር የሚያሳርፉበት መሬት የለውም፤ ሁለመናው የጋዝ ክምር ነው። ለኮከቡ ከመቅረቡ የተነሣ መዳብ እንኳ ቀልጦ ይፈስበታል። ዓመቱ አራት ቀን አይሞላም። በሱ አቆጣጠር እርስዎ ስድስት ሺህ ዓመት አልፎዎታል፤ እማዬ እዚያም ብትሆን ዕድሜዋን አትናገርም።

እህቴ፣ የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ወንድማችንን፣ ዝምታህን ስልክ ደውለህ ካሰው በይልኝ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን፣ የሰፋችልኝ ካፖርት ዘንድሮም አላሳፈረኝም በያት። አንቺንም እንደ ዓይኔ ብሌን እወድሻለሁ።

አባባ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ግኝቱ የሚወጣበትን ጽሑፍ ሲያዘጋጁ፣ ረጅም ነው ብለው የአባቴን ስም ወደ አንድ ፊደል ሊያሳጥሩት ነበር። አይሆንም፣ ሙሉውን ጻፉት አልኩ። ጻፉት። ገጹን አብሬ ልኬዋለሁ፤ ከእኔ ስም ቀጥሎ ያለው የእርስዎ ነው፣ እህቴ ጣትዎን ይዛ ታሳይዎት።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከመሥሪያ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኅዳር ፱ ቀን