ስልኬ ከፈጠነ በኋላ

ሱዱሮይ ደሴት፣ ኖቬምበር 14

ለምወድሽ ልጄ ለሱንቫ፣

ደብዳቤ ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ የሞተ ሰው የለም። ባሕሩ ከትናንት ጀምሮ ተቆጥቷል፣ እኛ ግን ደህና ነን። በጎቹን ከተራራው አውርደናል፤ ዘንድሮ አንዲትም ገደል አልገባችብንም። አንቺስ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል?

መንቀርፈፍ የያዘውን ስልኬን አሳከምኩት። ሐኪሟ አክስትሽ ማርዩን ናት። እሷና እናትሽ ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸው አሁንም ይገርመኛል፤ ገና ከደጅ "አምጣው እስቲ ያንን ኤሊህን!" እያለች ገባች።

"ለመጨረሻ ጊዜ አጥፍተህ ያበራኸው መቼ ነው?"

"ለምን አጠፋዋለሁ? ሱንቫ ብትደውልስ?"

"ከገዛኸው ጀምሮ እንቅልፍ አላየም በለኛ! አንተ ሰውዬ፣ ጀልባ እንኳን ወደብ ገብታ ታርፋለች እኮ!"

ከዚያ መበርበር ጀመረች። የአየር ጠባይ የሚናገሩ አምስት መተግበሪያዎች አገኘችና "ቤትህ መስኮት የለውም?" አለችኝ። አንዱን ትታ ሌላውን ሁሉ ደመሰሰችው። አውራውን በግ ከፊትም ከኋላም ያነሳሁትን ፎቶ፣ የገዛ አውራ ጣቴን ፎቶ ሳይቀር ጠራረገችው። የአንቺንና የእናትሽን ፎቶዎች ግን በመጀመሪያ ኮምፒውተሯ ላይ ገለበጠቻቸው፤ ሁሉም መግባታቸውን በዓይኔ ሳላይ አላስነካኋትም። በመጨረሻም አዲሱን ማሻሻያ ጫነችለት፤ እሱ እስኪያልቅ ሻይ ጠጣን። አጥፍታ ስታበራው፣ ምን ልበልሽ፣ ሳይጠሩት አቤት የሚል ስልክ ሆነ።

እሁድ ስደውልልሽ ማርዩን የድካሟን ፍሬ ለማየት አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ አንቺ አላየሻትም።

እስከዛሬ ስናወራ ምስልሽ ደርቆ ይቀር፣ ድምፅሽም ዘግይቶ ይመጣ ነበር። በተለይ ስለ ባልሽ ስለ ሞርተን ስጠይቅሽ። "ስልክህ ነው አባዬ" ትዪኛለሽ፤ እኔም ስልኬን እረግማለሁ።

እሁድም "ሞርተንስ እንዴት ነው?" አልኩሽ። ዝም አልሽ። ልማድ ሆኖብኝ ስልኩን ነቀነቅሁት። ከኋላሽ ግን መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዝ ነበር፤ ድመትሽም በመስኮቱ ደፍ ላይ ተራምዳ አለፈች። ያልተንቀሳቀስሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

"ደህና ነው። ስልክህ እኮ ነው የሚዘገየው፣ አባዬ።"

"አዎ፣ ይሄ ጉደኛ ስልክ" አልኩሽ።

ስንጨርስ ማርዩን "እንዴት ያከምኩትን ስልክ ታማዋለህ!" ብላ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አላለችም። ማርዩን ዝም ስትል ያየሁት ከዚህ በፊት በእናትሽ ቀብር ላይ ብቻ ነው። ብዙ ቆይታ "ጻፍላት" አለችኝ። "በስልክ ስትጠይቃት ፊቷን ማስተካከል አለባት። ደብዳቤ ከሆነ እንደፈለገች ሆና ታነበዋለች።"

ልጄ፣ እንደፈለግሽ ሁኚ። ምንም አልጠይቅሽም። የመርከብ ቲኬት ግን ቆርጫለሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ከዚህ ደሴት ወጥቼ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ ሻንጣዬን ስፈልግ እንኳን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በጎቹን ማርዩን ትጠብቃለች፤ ምላሷን የሚችሉበት ትዕግሥት ይስጣቸው።

በዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እዚያ አንቺ ጋ፣ ዴንማርክ፣ ወደቡ ላይ እወርዳለሁ። ብትቀበዪኝ ደስ ይለኛል፤ ባይመችሽም አድራሻሽ ኪሴ ውስጥ አለ፣ ሰው እየጠየቅሁ እመጣለሁ። ነፋስ ያደረቀው የበግ እግር ይዣለሁ። ሞርተን አብሮሽ ከመጣ ለሦስታችን ይበቃል። ብቻሽን ከመጣሽም እሰየው፣ ቀስ ብለን እንበላዋለን። ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም፤ እኔና እናትሽ ስንት ምሽት ዝም ብለን ተቀምጠን ደስ ብሎን እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ።

እስከዚያ ድረስ ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ያለሽበት ቤት ይሙቅሽ፣ እንቅልፍሽም የሰላም ይሁን።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ዳንያል

ረስቼው፦ ለመመለሻው የሰጡኝ የመርከብ ክፍል ሁለት አልጋ ያለው ነው። ባለ አንድ አልጋው አልቋል አሉኝ።