ተንሸራትቶ ግቢያችን የገባው ደን

ለተከበሩ የደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ከተራራው ግርጌ ያለው ያ ያማረ ግቢዎና በመቀስ የሚከረከመው የአበባ አጥርዎስ እንደምን ናቸው? እኔ ከእርስዎ ቤት ከፍ ብሎ፣ ከተራራው ዝቅ ብሎ ባለው ቤት ከእናቴ ጋር የምኖረው ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳቅ አላስቀምጥ ከማለቱ በስተቀር ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

ምናልባት ያስታውሱኝ እንደሆነ፣ «ይህ ጥብቅ ደን ነው፤ ዛፍ መቁረጥ በሕግ ያስቀጣል» የሚለው ማስታወቂያ ተራራው ላይ ሲመረቅ፣ እርስዎ በገመድ ስበው የገለጡትን አረንጓዴ መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ከጀርባዎ የሞተር መጋዝ ይጮህ ስለነበር ስለ ዛፍ ፍቅር ከተናገሩት ግማሹን ባንሰማም፣ እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበናል። ዛሬ በአደባባይ የምጽፍልዎ ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም፤ ምስጋናዬ ስለበዛ በተራ ቁጥር ካልታሰረ መፍሰሱ ስለማይቀር ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፀሐይዋ እናመሰግናለን። ያ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ እኮ ሰማይ ከልክሎን ይኖር ነበር! ጽሕፈት ቤትዎ በቅድሚያ ለግንድ ነጋዴዎች መንገድ አስጠረገ፤ በመንገዱ ትልልቁ ዛፍ ወጣ፤ ከዚያ የተረፈውን ከሰል አክሳዮች ወሰዱት፤ ከከሰል አክሳዮች የተረፈው ደግሞ እሳት ተለቅቆበት ለዘይት ዘንባባ እርሻ ተሰጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ማስታወቂያው አቧራ እንዳይነካው በእርጥብ ጨርቅ ሲያስወለውሉት ስለከረሙ እግዜር ይስጥልን። ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሣ በረንዳዬ ላይ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ዓይኔን ጨፍኜ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ስለ ላኩልን እንግዶች። ጦጣዎቹ ቤታቸው ሲፈርስ ያው የሚያውቁት ጎረቤት እኛ ስለሆንን ጓዛቸውን ሳይዙ መጡብን። አንዷማ የልብስ መለኪያ ሜትሬን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ቁጭ ስትል፣ ጎረቤታችን ነርሷ ከመንገድ አይታት ሰው መቅጠሬን በመስማቷ ደስ እንዳላት ነግራኝ አልፋለች። አሁን ደንበኞቼ እኔን ትተው በእሷ ይለካሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ውኃው። ድሮ ከጫካው ሥር የሚወጣው ምንጭ ክረምት ከበጋ በቁጠባ ይሰጠን ነበር፤ ዛሬ ተራራው ቸር ሆኗል፤ በበጋ ጠብታ ይነፍገንና ዝናብ በመጣ ቀን ያለውን ሁሉ፣ አፈሩን ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ይለቅልናል። ምን ያድርግ፣ ይዞት የነበረው ሥር የለም። ባለፈው ጎርፍ ጊዜ ታዲያ ከአፈሩ ጋር ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ማስታወቂያው ራሱ! ከነሲሚንቶው ተንሸራትቶ፣ ግቢያችን ገብቶ፣ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ምስጋናው በቁጥር አልገዛ ብሎኛል። የጫካው ዘበኛ በማግስቱ ማስታወቂያውን ተከትሎ ወረደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ትእዛዙ ማስታወቂያው ባለበት ቆሞ ያለውን ዛፍ እንዲጠብቅ ስለሆነ ነው። ተራራ ሙሉ ዛፍ ሲያልቅ በፈቃድ ነው ተብሎ ዝም እንዲል የታዘዘው ሰው፣ የእኛን አንድ ማንጎ ሲጠብቅ ይውላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው አይደል!

ጭቃው ግን የማንጎውን ሥር አውጥቶት፣ ዛፉ እናቴ በምትተኛበት ክፍል ላይ አጋድሏል። መጥረቢያ ባነሣ ዘበኛው በእንባ ለመነኝ፤ ቢሮዎ ብሄድ ሠራተኞችዎ ጥብቅ ደን ውስጥ መኖሬን በትሕትና አስረድተው መለሱኝ። እናቴን ከክፍሉ እንድትወጣልኝ ብለምናት፣ እናንተን ሁሉ የወለድኩት እዚህ ነው፣ በስተርጅናዬ ደግሞ ማንጎ ልፍራ እንዴ ብላ አሳቀችኝ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጣሪያው ሲንቋቋ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ሳቁን ትቼ ወደ እናቴ ክፍል እሮጣለሁ። እፈራለሁ። ስለዚህ ዝናቡ ሳይመለስ፣ ለአንድ ተራራ የዘረጉትን የፈቃድ እጅዎን ለአንድ ማንጎ እንዲዘረጉልኝ ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ።

ጥላዎ አይለየን እንዳልል ጥላ የሚሆን ነገር ስለጠፋ፣ ጤናና ዕድሜ ብቻ እየተመኘሁልዎ፣ ከተረፈው ደንዎ መካከል በትሕትና እጅ የምነሣዎ፣

ልብስ ሰፊው፣ ከነረዳቴ ከጦጣዋ ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ዝናቡ ቀደመኝ። እናቴን ነርሷ ጎትታ አውጥታታለች፤ ደህና ናት፣ የእርስዎን ስም እያነሣች አፏን አልዘጋችም። ማንጎው በእናቴ አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ በሕጉ መሠረት አልነካነውም። ማስታወቂያው ግን ከጭቃው ጋር ጉዞውን ቀጥሏል፤ ዘበኛውም ጫማውን በእጁ ይዞ እየተከተለው ነው። ከእኛ በታች ያለው ቤት የእርስዎ ብቻ ስለሆነ በሩን ከፍተው ይጠብቋቸው፤ አደራዎን፣ ያንን ያማረ አጥርዎን ከዛሬ ጀምሮ እንዳይከረክሙት፣ በሕግ ያስቀጣል።