የጋሼ ድገሙት ናሙና

ጥቅምት 4

ያው ነው ዛሬም። አክታ፣ ቀለም፣ ማይክሮስኮፕ... ወገቤ ተቆረጠ።

ከሰዓት አንድ ስም ሲጠራ ሰምቼ ቀና አልኩ። ጋሼ ድገሙት! ላቦራቶሪ ያስተማሩን። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ የተጠራጠሩትን ሁሉ "ድገሙት!" ይሉን ስለነበር።

ልብሳቸው ውስጥ ጠፍተዋል። ሁለት ወር የቲቢ መድኃኒት ወስደዋል፣ አንድ ቀን አላጓደሉም። አክታቸው ላይ ግን ዛሬም ባክቴሪያው አለ። "አንቺ፣ ሸበትሽ እኮ!" አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ሆነው የኔ ሽበት ይታያቸዋል!

ጥቅምት 5

ያ ክፍል ትዝ ብሎኝ ዋለ። አሥራ አራት ተማሪ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። የመጀመሪያው ትምህርት የገዛ ሰገራችንን ማየት ነበር። ማፈራችን! ዕቃውን በሻርፕ ጠቅልላ የመጣችም ነበረች። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብለው ጋሼ የራሳቸውን አስቀደሙ። ሳቃችን እስከ መንገድ ይሰማ ነበር... የት ሄደ ያ ሁሉ ሳቅ?

ጥቅምት 6

ደማቸው ውስጥ፣ ትል ሲኖር የሚጨምረው ነጭ የደም ሴል በዝቷል። ሐኪሟ ሰገራ አዘዘች። አየሁት። ምንም የለም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከነከነኝ። ደሙ አለ ይላል፣ ሰገራው የለም ይላል። ማንን ልመን?

ጥቅምት 8

ቤታቸው ሄድኩ። "ጋሼ፣ ሌላ ናሙና ያስፈልጋል" ስል ባለቤታቸው እትዬ በሳቅ ሞቱ።

"የኔን እኮ ነው ይዞልሽ የመጣው ልጄ! ተማሪዬ የኔን ጉድ አታይም ብሎ!"

"አንቺ ሴትዮ!" ጋሼ ከአልጋቸው።

እኔ አልሳቅኩም። ተናደድኩ። "በይሉኝታ ሊሞቱ ነው? እኛን አታፍሩ ሲሉን አልነበር?"

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ። "ያኔ ጤነኛ ነበርኩ" አሉ። አንጀቴን በሉት።

ጥቅምት 9

የራሳቸውን ላኩ። የወስፋት እንቁላል... በያየሁበት! ሐኪሟ የትሉን መድኃኒት ሰጠች። ትል ሲኖር የሰውነት መከላከያ ወደዚያ ይዞርና በቲቢው በኩል ሊላላ ይችላል አለችኝ። ሌባ በሁለት በር እንደገባበት ቤት። "ግን ትሉ ስለወጣ ቲቢው ይለቃቸዋል ብዬ አልምልልሽም።" ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሆነም ለማየት አክታቸው ለምርመራ ተልኳል።

አደራ... እንዳላጣቸው።

ጥቅምት 21

አልተላመደም! ተመስገን።

ኅዳር 10

ሁለት ኪሎ ጨመሩ። ከትሉ መውጣት ይሁን፣ ከቲቢው መድኃኒት፣ ከእትዬ ጭቅጭቅ... እንጃ።

ታኅሣሥ 6

አክታቸው ንጹህ ነው። ሦስቴ አየሁት።

ልነግራቸው ስወጣ በር ላይ ቆመዋል። "ተነሺ፣ እኔ ልየው" አሉ፣ የተቀመጥኩ ይመስል። ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ቆዩ። በጣም ቆዩ።

"ንጹህ ነው" አሉ።

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። የማይክሮስኮፑን መብራት አጥፍቼው ነበር፤ ያዩት ጨለማ ነው።

ዓይናቸው ደክሞ ነው? ወይስ እኔን አምነው? ሳላይ "ንጹህ ነው" ስላልኩ አንድ ቀን ከክፍል ያባረሩኝ ሰው...

"አዎ ጋሼ፣ ንጹህ ነው" አልኩ። እንባዬ መጣ።

ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡ። ከበዱኝ። እንኳንም ከበዱኝ።