አትደውል ስላልሽኝ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ሚጣዬ፣ ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? «እኔ እስክደውል አትደውልልኝ» አልሽ እንጂ አትጻፍልኝ አላልሽም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። እናትሽ «ልጅቷ ትንሽ ትተንፍስ፣ ተዋት» ብላኛለች። እኔ መች መተው ሆኖልኝ ያውቃል!

ፀጉር ቤቱ እንደነበረ ነው። የመሀሉ ወንበር አልዞር ስላለ ደንበኛውን እኔው እየዞርኩ አስተካክላለሁ።

የዚያን ቀን ያልሽኝን ሳስበው እውላለሁ። «አባዬ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፤ ሥራ ቦታ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው የማለቅሰው» ብለሽ አለቀስሽ። እኔም «አይዞሽ! ምን ጎደለሽ? እኛ ስንቱን አሳልፈናል!» አልኩሽ፤ ቀልድም ጣል አደረግኩበት። ስልኩ ተዘጋ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይሉት ይሄ ነው። ግን እውነቴን ነው፣ ምኑ ላይ እንዳስቀየምኩሽ እስካሁን አልገባኝም። አባቴን ስቀብር ያሉኝ አይዞህ ነው፤ ሱቄ ሲቃጠልም ያሉኝ እሱኑ ነው። እኔም ተነስቼ መቀሴን ያዝኩ። ሌላ ቃል ማን አስተማረኝ?

ከእናትሽ ጋር እንደምታወሩ አውቃለሁ። ስልኳን ይዛ ጓሮ ትወጣለች። «ምን አለች?» ስላት «ደህና ናት» ብቻ። ባለፈው፣ ነውር ነው፣ በመስኮት አዳመጥኳት። ያን ሁሉ ጊዜ «እህ... እህ... ወይ ልጄን...» ከማለት በቀር አንዲት ቁም ነገር አልወጣትም። የሚፈለገው ይሄ ከሆነማ እኔስ ምን ያቅተኛል አልኩ።

አንድ ወጣት ሾፌር ደንበኛ አለኝ። እጮኛው እንደተወችው ነገረኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሴት ሞልቶ!» ብዬ አስቀው ነበር። አሁን ምላሴን ነክሼ «እህ» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ፣ አንገቱ ላይ ካሰርኩለት ጨርቅ ሥር ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን የሚያህል ሰው! ሚጣዬ፣ መቀሱን ጥዬ ሸሸሁ። ውሃ ላምጣ ብዬ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ስመለስ ግማሽ ፀጉሩ እንዳልተቆረጠ ሄዷል። እህ ማለቱስ ቀላል ነው፤ ከእህ በኋላ የሚመጣውን ነው መቻል ያቃተኝ።

እናትሽ «ደህና ናት» ስትለኝ ዓይን ዓይኔን አታየኝም። ሥራ ትሄጃለሽ? እህል ትቀምሻለሽ? የሚነግረኝ የለም። መጥቼ እንዳላይሽ አገሩ ሩቅ ነው፤ እንዳልደውል ከልክለሽኛል። እዚህ ተቀምጬ የሰው ፀጉር እቆርጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። እኔ አይዞሽ የምለው ስፈራ ነው። ያን ቀን ስታለቅሺ በጣም ፈርቼ ነበር። አሁንም እንደፈራሁ ነኝ።

ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽም ይከተልሽ። እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። መልስ ባትጽፊልኝም ግድ የለም።

አባትሽ