ጨው ያጣው ሽሮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017

ዛሬ ከሚስቴ ከትዕግስት ጋር ልጃችንን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ሄድን። ለጉራዬ ክንዴን ዘረጋሁና ነርሷን «ሲስተር፣ እስቲ የደም ግፊቴን ለኪኝ» አልኳት። ለካችኝና «አንተማ በሬ ነህ!» አለችኝ። «እሷንም ለኪያትና አወዳድሪን» አልኩ። ትዕግስትን ስትለካት ግን ፈገግታዋ ጠፋ፤ ደግማ ለካቻት። «ግፊትሽ ከፍ ብሏል። ልብሽን እንዳይጎዳው ጨው ቀንሺ፣ በሳምንትሽ ተመለሺ» አለቻት።

ጨው አብዢ እያልኩ የምጨቀጭቃት እኮ እኔ ነኝ! ሲሚንቶ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ የምሮጠው ጀግና፣ ወደ ቤት ዳገቱን ስንወጣ ትንፋሿን ስሰማ ልጃችንን ተቀብያት እንደ ሽማግሌ ቀስ እያልኩ ወጣሁ።

ምሳ ላይ ሽሮው ጨው የለውም። «እንዴት ነው?» ስትለኝ «አንደኛ!» አልኳት። «ውሸታም!» ብላ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራት። ይኸው እስካሁን አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል።