አልወርድ ያለችው አውሮፕላንህ

የኔ ጌታ፣ ክፉ አይይህ፤ የረገጥከው ምድር ይለምልምልህ። በታላቅ ሐዘን የማስታውቅህ የልብስ ማስጫ ገመዴ መበጠሱን ነው። የበጠሰችው አንተ የሠራሃት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ናት። ትናንት አባትህ ዘይት ሊቀባው ሞተሯን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጠው፣ ከተሰቀለችበት ግድግዳ ተነሥታ በመስኮት ወጣች። እስካሁን ያለ ድምፅ ጣሪያችንን ትዞራለች።

አባትህ «ወደ ግራ አዘንብሎ መዞር የልጄ ልማድ ነው፤ ካላሳረፋት አልገባም» ብሎ ግቢው ውስጥ አንገቱን ሰቅሎ ቀረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ብርድ ይመታሃል!» ስለው፣

«ዝም በይ፣ ትሰማናለች» ይለኛል።

ሪሞቷን ይዘህ ስለሄድክ፣ እባክህ ቀስ አድርገህ አሳርፋት፤ ሽማግሌው ይግባልኝ። ዕድሜህን ያርዝመው።

እናትህ

ማስተካከያ፦ «ሪሞቷን ይዘህ ሄደሃል» በማለት ከላይ የተገለጸው ስህተት መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። አሁን ከመሳቢያህ አገኘሁት፤ ባትሪም የለው። ስለዚህ ልጄ፣ የምታዞራት አንተው ከሆንክ ድምፅህን አሰማን።