እሾህ የቀደደው ሻሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አንገትሽንስ ተሻለሽ? ፍየሎቹ፣ ዶሮዎቹ፣ ያ እብድ አህያችንስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጤናዬን ማለቴ ነው። የቀረውን ስትሰሚው ትደርሺበታለሽ። ለምታነብልሽም ሰው ሰላምታዬ ይድረሳት። ባለፈው «ከስቻለሁ፣ ባል ፈልጉልኝ» ብዬ እንደጻፍኩልሽ አድርገሽ በስልክ ስትቆጪኝ ሳቄን ማፈን አቅቶኝ ነበር። ወላሂ አልጻፍኩም። አንባቢሽ ከራሷ ጣል የምታደርጋት ነገር እንዳለች ድሮም አውቃለሁ። ዛሬ ግን ምንም እንዳትጨምር፣ በተለይ ደግሞ ምንም እንዳታጎድል አደራ በይልኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን መስመር የሚይዘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው፤ ጉብታው ላይ ደግሞ ካንቺ ጆሮ የጎረቤት ጆሮ ይበዛል። ደወልኩ፣ ስለ ገብሱ ጠየቅኩሽ፣ ስለ አህያው ጠየቅኩሽ፣ ዘጋሁት። ፈሪ መሆኔን መቼም አንቺ ታውቂያለሽ።

የላክሽልኝ ጥቅል ደርሶኛል። ሹፌሩ ህማድ እስከ ማደሪያችን በር ድረስ ተሸክሞ አመጣልኝ። ቂጣው መንገድ ላይ ትንሽ ደርቋል፤ ማርና ለውዝ በአርጋን ዘይት ያሸሽው አምሉ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አልበቃንም። ካዛብላንካ ያደገችው የክፍሌ ልጅ ጣቷን እየላሰች «እናትሽ ሌላ ልጅ ካስፈለጋት እኔ አለሁ በያት» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ከጥቅሉ ሥር እጄን ስሰድ ሻሼን አገኘሁት።

አረንጓዴው ሻሼ። ታጥቧል፣ ታጥፏል፣ የተቀደደው ሁሉ በክር ተሰፍቷል። እማዬ፣ እኔ ያንን ሻሽ ቤት አልተውኩትም። የት እንዳገኘሽው አልጠይቅሽም። አውጥቼ ላየው ስላልደፈርኩ ትራሴ ሥር ከተትኩት፤ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ኮሌጅ ገባሁ ያልኩ ጊዜ መንደሩ ሁሉ ምን እንዳለኝ ታስታውሻለሽ። እትዬ ኢጃን ልሰናበታት ስሄድ ፍየሎቿን እያለበች ቀና አለችና «ግብርና ለመማር ብለሽ ነው ከግብርና የምትሸሺው? እኛ ሳንማር የበላነውን አንቺ ተምረሽ ልትበይው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ጓዳ ገባች፤ ለራሷ እንኳ የማይበቃትን ዘይት በጠርሙስ ሞልታ አወጣችልኝ። «ስትጠግቢ እኛን እንዳትረሽን» አለችኝ። አልረሳሽም አልኳት።

ትምህርቱ ዘላቂ ምግብና ግብርና ይባላል። መሬት ሳይደኸይ፣ ዛፍ ሳያልቅ፣ ሰው እንዴት ጠግቦ ይደር የሚል ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን በምን ላይ እንደምንሠራ ሲጠይቁን እንደኔ አፉን ሞልቶ የተናገረ አልነበረም። ስለ አግዳል ነው አልኩ። ስለኛ ጫካ። ዘይት የምናወጣበት እሾሃሙ የአርጋን ዛፍ ፍሬ ሲይዝ ሽማግሌዎቹ ጫካውን እንደሚዘጉት፣ ከዚያ በኋላ ፍየል እንደማይገባ፣ ሰው እንደማይለቅም፣ ፍሬው በስሎ በራሱ ጊዜ ወድቆ «ተከፍቷል» እስኪባል ድረስ ያለውም የሌለውም እጁን ሰብስቦ እንደሚጠብቅ አወራሁላቸው። ሌላው አገር ዛፉ ሲመናመን ለኛ የተረፈልን እንዲህ ስላደረግን ነው አልኩ። መምህሬ ዶክተር ሰልዋ መነጽሯን አውልቃ ነበር የሰማችኝ። እኔም በአገሬ ልቤ አበጠ።

ከዚያ ፍሬ አስፈለገኝ። ያልበሰለው ፍሬ ምን ያህል ዘይት እንዳለው ለክቼ፣ እስኪበስል መጠበቁ ምን እንደሚጠቅም ላሳይ ነበር ሐሳቤ። ያልበሰለ ፍሬ ያለው ደግሞ የተዘጋው ጫካ ውስጥ ነው። ዶክተር ሰልዋ «ሽማግሌዎቹን ሳታስፈቅጂ እንዳትገቢ፤ በሩ የእነሱ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለዒድ ስመጣ ላስፈቅድ ተነስቼ ነበር። የጫካው ጠባቂ ጋሽ በልዒድ ደጅ ደርሼ ተመለስኩ። ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ፤ «ለተማረም ላልተማረም ክልክል ክልክል ነው» ነው የሚለኝ። እሱ እምቢ ካለ ጽሑፌ ገደል ገባ።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ልናገረው፣ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ንቀትም ነበረብኝ። ክልከላው ለምን እንደተከለከለ ለማያውቅ ሰው ነው፣ እኔ ግን ከነምክንያቱ አጥንቼዋለሁ፣ ስለዚህ እኔን አይመለከተኝም አልኩ። ሕጉን ስላጠናሁት የግሌ ንብረት መሰለኝ።

እንጨት ልለቅም ብዬሽ ወጣሁ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ስለሆነ ቢነቀንቁት አይወድቅም፤ በዱላ መታሁት። «አርጋን አይመታም፣ የዘንድሮውን ስትመቺ የከርሞውን እምቡጥ ታረግፊያለሽ» እያልሽ ያሳደግሽኝ እኔ ነኝ የመታሁት። አንዱ ቅርንጫፍ ሲሰበር እጄ ላይ ተሰማኝ። ፍሬውን በሻሼ ቋጠርኩ፤ እሾሁ ሻሼን ያዘው፤ ስጎትተው ተተረተረ። ሰው ያሳለ መሰለኝና ፍሬውን ከኮሌጅ ባመጣሁት ከረጢት ገልብጬ፣ ሻሹን እሾሁ ላይ ትቼ ሮጥኩ። በማግስቱ ስትሸኚኝ «ሻሽሽስ?» አልሽኝ። «ሻንጣ ውስጥ ነው» አልኩሽ።

ዶክተር ሰልዋም «ፈቀዱልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በደስታ!» አልኳት። በደስታ የምትለዋን ማን ጨምሪ አለኝ? ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን ደግሞ አንድ ልጅ ተነስቶ «ክልከላውን የሚደፍር ሰው የለም?» አለኝ። እኔ ልጅሽ ዓይኔን ሳላሽ «በኛ አገር ይሄ አይደረግም» አልኩት። አጨበጨቡልኝ።

በዚያው ሳምንት ነው በስልክ የነገርሽኝ። ጋሽ በልዒድ የረገፈውን ፍሬና የተሰበረውን ቅርንጫፍ አየ፤ የእትዬ ኢጃ ፍየሎች ደግሞ ዓምና አንድ ጊዜ አምልጠው ገብተው ነበርና ሰው ሁሉ ወደሷ ዞረ። በአውልያው መቃብር ደጅ «ፍየሎቼ አልገቡም» ብለሽ ማይ አሏት። «ለፍየል ብዬ የአላህን ስም አልጠራም! ዕድሜ ልኬን አብራችሁኝ በልታችሁ ጠጥታችሁ ያላመናችሁኝ፣ ስምል ነው የምታምኑኝ?» ብላ ቀሚሷን አራግፋ ሄደች። አልማለችምና ተፈረደባት። ዘንድሮ ጫካው ሲከፈት እሷ የምትገባው ሰው ሁሉ ለቅሞ ሲጨርስ ነው፤ ድርሻዋ ቃርሚያ። ባል የላት፣ እርሻ የላት፣ ዓመቱን የምትገፋው በዚያ ዘይት ነው። ልጆቹ እንኳ በፍየሎቿ እያሾፉ «ሌቦቹ መጡ» ይላሉ አልሽኝ።

እኔም ምን አልኩ? «ምስኪን» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት፤ ምስኪን! ድምፅሽ ቀነሰብኝ። «ምነው ድምፅሽ?» ብልሽ «አንገቴን አሞኝ ነው፤ ሰው ቤት ሲመጣ ቀና ማለት አቅቶኛል» አልሽኝ። ያኔ ብርድ ነው ብዬ ቅባት ልላክልሽ ወይ አልኩሽ። ሻሹ ሲደርሰኝ ነው የምን በሽታ እንደሆነ የገባኝ።

እማዬ፣ አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በራሴ ማፈሩ አንድ ነገር ነው፤ አንቺን በስተርጅና አንገትሽን ማስደፋቴ ግን ሌላ ነው። አንቺ እያወቅሽ ሌላ ሰው ሲፈረድበት የምታዪ ሴት አይደለሽም። ልጅ ሆኜብሽ ነው። የወለድሽው ሆኖብሽ አፍሽን ያዘሽ እንጂ አንቺን የማያውቅ የለም።

ትናንት ለዶክተር ሰልዋ ሁሉንም ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጽሑፌን ጠረጴዛው ላይ ወደኔ ገፋችና «የጻፍሽው ልክ ነው፤ ልክ ያልሆንሽው አንቺ ነሽ። በራቸውን የሰበርሽባቸውን ሰዎች ይቅርታ ጠይቀሽ ነይ፤ ስለ ምረቃሽ ያኔ እናወራለን» አለችኝ። ስለዚህ ዘንድሮ አልመረቅም። ለምረቃዬ ያሰርሽውን ሙክት አትሽጪው። ጫካውን የደፈረ ሰው ሽማግሌዎቹን ያበላል አይደል ሕጉ? እነሱ ይብሉት።

ሐሙስ ጫካው ይከፈታል። እኔ ረቡዕ በህማድ መኪና እመጣለሁ። ሐሙስ ጠዋት ሰው ሁሉ ቅርጫቱን ይዞ ሲሰበሰብ፣ ጋሽ በልዒድ «ተከፍቷል» ከማለቱ በፊት፣ ያንን ሻሽ ራሴ ላይ አስሬ መካከላቸው እቆማለሁ። ፍየል ዱላ አይዝም እላቸዋለሁ። የኔ ድርሻ ቃርሚያው ይሁን፣ እትዬ ኢጃ ከሁሉም ቀድማ ትግባ ብዬ እለምናለሁ። ቢያባርሩኝም እንኳ እሷ እስክትገባ ከዚያ አልሄድም።

ለእሷ ለብቻዋ ልጽፍላት ጀምሬ ነበር። «ይድረስ ለእትዬ ኢጃ» ካልኩ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ፤ ቀደድኩት። ከዚያ ራሴን ታዘብኩት። ማንን ልደብቅ ነው? የማታ ትምህርት ገብታ ፊደል የቆጠረች ያንቺ ወዳጅ እሷ ብቻ ናት። ያንቺን ደብዳቤ ሌላ ማን አንብቦልሽ ያውቃል?

እትዬ ኢጃ፣ ይኸው ካንቺው ፊት ነው የተናዘዝኩት። ጣትሽ በየመስመሩ ሲሄድ፣ ስምሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ ሲል ይታየኛል። እናቴ «ይበቃል» ብላሽ ይሆናል፤ ስላልቆምሽ አላህ ይስጥልኝ። ወንበዴዋ እኔ ነኝ። ዘይትሽን ሰንቄ ሄጄ ስምሽን አጠፋሁ። ስድብ ካለሽ ዛሬ ጨምሪ፤ እዚህ ቦታ ላይ የፈለግሽውን ጨምሪ፤ ሁሉም ይገባኛል።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ መጠየቁም አሳፍሮኛል። ሐሙስ ሻሹን ሲያዩ «ማን ሰፋልሽ?» ማለታቸው አይቀርም። እኔው ነኝ እላለሁ። መርፌ መያዝ እንደማላውቅ የሚያውቅ ብዙ ሰው የለም። ስፌቱን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የሚለይ ግን አንድ ሰው አለ፤ የሰርግ ቀሚስሽን የሰፋው እጅ ነውና። እትዬ ኢጃ፣ የዚያን ቀን ስፌቱን አላየሁም በይልኝ። ለኔ ብለሽ አይደለም፤ እኔ ምንም አይገባኝም። አሁን ከፊትሽ ሻይ ቀድታ አንገቷን ደፍታ ለተቀመጠችው ብለሽ።

እማዬ፣ አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽንም እንደኔ ካለ ልጅ ይጠብቅልሽ። ከሐሙስ በኋላም ሁለታችሁን በአንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ዙሪያ ያቆያችሁ።

ልጅሽ